ሁለት ቀን ቆመን የዋልንበት

ሰው ስፖርትን ሰበብ አድርጎ ከፈጠረው ደስታ ሁሉ የቱ ይበልጣል ብትሉኝ ሳላመነታ እመልሳለሁ፤ በሴኡል ከተማ፣ በየዓመቱ መስከረም አካባቢ፣ የዮንሴ ዩኒቨርሲቲና የኮርያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገናኙበት የሁለት ቀን ግጥሚያ! ይህን የምለው ሌላ ነገር ሳላይ ቀርቼ አይደለም። ያደግሁት አሥር ሺህ ሜትር ሲሮጥ ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ቴሌቪዥን ፊት በሚቀመጥበት አገር ነው። አባቴ የካታንጋ መቀመጫ ሰው ነው፤ ቡናና ጊዮርጊስ ሲገናኙ የአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ምን እንደሚመስል በልጅነቴ ትከሻው ላይ ሆኜ አይቻለሁ። እንዲያም ሆኖ በልውውጥ ተማሪነት ዮንሴ ሄጄ ያየሁት ነገር ከዚያ በፊት ካየሁት ሁሉ ጋር አልመደብ አለኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ይህንኑ ነው፤ ያልሰማ እንዳይቀር ደግሞ ይኸው እጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ዓርብና በማግስቱ ቅዳሜ በአምስት ስፖርቶች ይጋጠማሉ። ዓርብ ቤዝቦል፣ ቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ፤ ቅዳሜ ራግቢና እግር ኳስ። ዮንሴ ሰማያዊ ለባሽ ነው፣ ምልክቱም ንስር። ኮርያ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ቀይ ይለብሳል፣ ምልክቱ ነብር ነው። ውድድሩ ዛሬ ባለው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ቢሆንም ሥሩ ከዚያ በብዙ ይርቃል። ኮርያ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ፣ የዛሬዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች እናቶች የሆኑት ዮንሂና ቦሶንግ የተባሉ ኮሌጆች ይጋጠሙ ነበር። የመጀመሪያውን ሚስዮናውያን ነበሩ ያቆሙት፤ ሁለተኛውን በ1905 የመሠረተው የንጉሠ ነገሥት ጎጆንግ ባለሟል የነበረው ዪ ዮንግ ኢክ ነው። የራሷን ባንዲራ መስቀል በተከለከለች አገር ውስጥ፣ ሁለት የአገር ልጆች ቡድን በገዛ ቋንቋቸው እየተጠራሩ ሲፋለሙ ቆሞ ማየት ለዚያን ጊዜ ሰው ምን ማለት እንደነበር ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ደንብ አላቸው፤ ገና ስሰማው ነው ልቤን የወሰደው። ዝግጅቱን በየተራ ነው የሚያስተናግዱት፤ በይፋዊው ስያሜ ላይ ደግሞ ባለተራው የእንግዳውን ስም ያስቀድማል። ዮንሴ ሲያዘጋጅ ኮርያ ይቀድማል፣ ኮርያ ሲያዘጋጅ ዮንሴ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ የተከባበሩ ሰዎች ወሬ ላይ ሲመጡ ግን አንዳቸውም የራሳቸውን ሳያስቀድሙ አይጠሩትም። ሰማያዊዎቹ ዮንጎጆን ይላሉ፣ ቀዮቹ ኮዮንጆን። የስድሳ ዓመት አዛውንት እንኳ ወጣትነቱን የት እንዳሳለፈ ውድድሩን ከሚጠራበት መንገድ ይታወቃል። ጠላትን በወረቀት ማስቀደም፣ በአፍ ግን ፈጽሞ አለመልቀቅ! ይህ እንዴት ያለ ጨዋነት፣ እንዴትስ ያለ እልህ ነው!

ከግጥሚያው በፊት ልምምድ አለ። የተጫዋቾቹን ማለቴ አይደለም፤ የእኛን፣ የደጋፊዎቹን። አዲስ የገባ ተማሪ ሁሉ፣ የልውውጥ ተማሪውም ጭምር፣ መዝሙሮቹንና የእያንዳንዱን መዝሙር እንቅስቃሴ ይማራል። ዮንሴ ግቢ ውስጥ ዛፍ የከበበው፣ መቀመጫው ደረጃ በደረጃ የተሠራ፣ ጣሪያ የሌለው ቴአትር አለ። እዚያ ተሰብስበን ክንድ መቼ እንደሚነሳ፣ ወደ ግራ መቼ እንደሚዘለል፣ የማያውቁትን ሰው ትከሻ አቅፎ ወገብን ወደ ፊት መቼ ማጠፍ እንደሚገባ ተማርን። መዝሙሮቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ የሮክ ዜማ ነው፣ አንዳንዱ እንባ ያመጣል፣ አንዳንዱ ከጩኸት በቀር ሌላ ነገር የለውም። ኮርያኛ የማይችል ሰው እንኳ በመጀመሪያው ዙር ዜማውን ይይዛል፤ በሁለተኛው እጅና እግሩ ይታዘዙለታል፤ በሦስተኛው አጠገቡ ያለውን አዲስ ሰው ማስተማር ይጀምራል።

ይህን ሁሉ የሚመሩት ኡንግወንዳን የተባሉት የድጋፍ ቡድኑ ተማሪዎች ናቸው። የዕረፍት ጊዜያቸውን ሰውተው እንደ አትሌት ይለማመዳሉ። የሚያብረቀርቅ ረጅም ካባ ይለብሳሉ፤ ነጭ ጓንት ያጠልቃሉ፤ ከኋላቸው ከበሮውና ጊታሩ ይከተላል። የሠርግ ቤት አውጪ ያየ ሰው ሥራቸው ወዲያው ይገባዋል፦ አንዷ ታወጣለች፣ ቤቱ ይቀበላል፣ አውጪዋ ከላላች ድግሱ ይላላል። እነዚህ ልጆች የሚያስቀበሉት ግን አንድ ድንኳን ሙሉ ሕዝብ አይደለም፤ የኦሎምፒክ ስታዲየም ግማሽ ጎን ነው። ያውም ከጠዋት እስከ ማታ። ያውም ሁለት ቀን ሙሉ።

ደግሞም ሜዳውን አያዩም! ይህን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። መድረካቸው በእኛና በሜዳው መካከል ነው የሚቆመው፤ ፊታቸው ወደ እኛ፣ ጀርባቸው ወደ ጨዋታው። ዓመት ሙሉ የተዘጋጁለት ግጥሚያ ከኋላቸው ይካሄዳል፣ እነሱ ግን ግብ መቆጠሩን የሚያውቁት እኛ ፊት ላይ አንብበው ነው። አንዷን መሪ አተኩሬ አያት ነበር። ከጀርባዋ የሆነ ነገር ተፈጠረና ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ከፍ ሲል ዓይኗ በመላው ትሪቡን ላይ ሮጠ፤ ፊታችንን አየችና ጮኸች። እኛን ነበር የምታየው፤ ለእሷ ጨዋታው እኛ ነበርን። ስታዲየም ገብቼ እንዲህ ታይቼ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ጃምሲል የቤዝቦል ሜዳ ስንገባ ቤዝቦል የሚባለውን ነገር ከፊልም በቀር አይቼው አላውቅም ነበር። ጉዳዩም አልነበረም። አጠገቤ የቆመችው የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ በዕድሜ ስለምበልጣት ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ኦንኒ፣ ታላቅ እህቴ፣ እያለች ነበር የምትጠራኝ። ሕጉን ላስረዳሽ ብላ ሞከረችና መሪዎቹ አዲስ መዝሙር ሲጀምሩ መሃል ላይ ተወችው።

«ኦንኒ፣ እሱ ይቆይሽ! ክንድሽን አንሺ!»

አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተቀመጠም። መቀመጫዎቹ ቦርሳና የውሃ ጠርሙስ ማስቀመጫ ነበሩ። ነጥብ ስናስቆጥር እንዘፍናለን፤ ሲቆጠርብን ደግሞ በበለጠ ድምፅ እንዘፍናለን። ይህን የኋለኛውን ልብ በሉልኝ። የትም አገር ቢሆን ደጋፊ ግብ ሲገባበት ዝም ይላል፣ ወይ ይሳደባል። እዚህ ግን ወዲያው ከበሮው ይመታል፣ የሁሉም ትከሻ ይያያዛል፣ የተጎዳው ተጫዋች ስም ይጠራል። ከማዶ ቀዮቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በመሃል አየሩ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ፉከራው ደግሞ ልዩ ነው። ለእነሱ የእኛ ንስር ዶሮ ነው፤ ለእኛ የእነሱ ነብር ድመት ነው። ይህንኑ የሚሉ መዝሙሮች አሏቸው፣ ከነሙሉ እንቅስቃሴያቸው። በዘር የሚሰደብ የለም፣ በእናት የሚሰደብ የለም፤ ዶሮና ድመት ለሁለት ቀን ሙሉ ይበቃሉ።

ቅርጫት ኳሱ በቤት ውስጥ ስለሆነ ድምፁ መውጫ አጥቶ እዚያው ይፈላል። ኮርያውያን ስለ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ሲያወሩ የ1990ዎቹን መጀመሪያ በስስት ነው የሚያነሱት። ያን ጊዜ የዮንሴዎቹ ሊ ሳንግ ሚንና ሶ ጃንግ ሁን፣ የኮርያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሂዮን ጁ ዮፕና ጆን ሂ ቾል ከዘፋኝ የማይተናነስ ዝና ነበራቸው። ልጃገረዶች በሊ ሳንግ ሚን ፍቅር ሲነድዱ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ እስከ መሠራት ደርሷል፤ የኮርያ ድራማ የምትከታተሉ «ሪፕላይ 1994»ን ታውቁታላችሁ። የአሁኖቹ ተጫዋቾች ያን ያህል ዝነኛ አይደሉም፤ ኳሱ ቀለበቱ ላይ ሲንከራተት ግን ያ ሁሉ ታሪክ ጣሪያው ሥር ተሰብስቦ አብሮን የሚጮህ ነበር የሚመስለኝ።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን የበረዶ ሆኪውና ራግቢው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። በኮርያ እነዚህ ሁለት ስፖርቶች ተመልካች የላቸውም። የሆኪ ቡድን ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ራግቢም ከዚያ አይሻልም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ጥርሳቸውንና ትከሻቸውን አደጋ ላይ ጥለው የሚጫወቱት በባዶ ወንበር ፊት ነው፤ የሚያያቸው አሠልጣኝና ወላጅ ብቻ ነው። ከዚያ በዓመት አንድ ቀን ይመጣል። ከመልበሻ ክፍል ሲወጡ ስታዲየሙ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ሕዝቡ ስማቸውን ያውቃል፣ በስማቸው ዘፈን ወጥቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ራግቢው ሊጀመር የዮንሴ ልጆች ሲገቡ በቅርብ ያየሁት አንድ ግዙፍ ተጫዋች፣ አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ስፋት ያላቸው ዓይነት ሰው፣ መስመሩ ላይ ቆሞ ወደ ትሪቡኑ አየና ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጨዋታው ሲጀመር እንዴት እንደተጋጩ! ኳሱ የት እንዳለ አላውቅም፤ የአሥራ ስድስት ሰው ትከሻ ተቆላልፎ ሲገፋፋ ግን ለማን እንደምጮህ አውቅ ነበር። አንድ ልጅ ሦስት ቀይ ለባሾች ተንጠላጥለውበት ወደ መስመሩ ሲጎተት የእኛ ጎን መዘመሩን ትቶ በአንድ ድምፅ መንቀሳቀሱን ይቆጥርለት ጀመር፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። እዚያ ካለነው ሕዝብ ውስጥ ራግቢ የሚከታተል ስንት ሰው ነበር? በጣም ጥቂት ነው የሚሆነው። ስፖርቱን ወደው አልመጡም። የመጡት ልጁ የእነሱ ስለሆነ ነው። ተመልካች ማለት ይህ ነው ብዬ ያመንኩት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ዋንጫ የሚከተል ሳይሆን፣ ባዶ ሜዳ ላይ ሲለፋ የከረመን ሰው «አይተንሃል» ሊለው የሚመጣ።

በዕረፍቱ አባቴ ደወለ። የሰማው ጩኸት አስደነገጠው።

«የት ነሽ አንቺ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው አባዬ። ስታዲየም ነኝ፣ ጃምሲል።»

ዝም አለ። «የ81ዱ ኦሎምፒክ የተደረገበት?»

እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988፣ በእኛ መስከረም 1981፣ የሴኡል ኦሎምፒክ የተከፈተው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ማራቶኑ ያለቀውም እዚያው ነው፤ ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ቀድሞ የገባው በዚያ በር ነው። ኢትዮጵያ አልነበረችም። መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጎን ቆሞ አትሌቶቹን አስቀራቸው። እ.ኤ.አ. በዚያው በ1988 ሚያዝያ ላይ ደግሞ በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ያ ሰዓት አሥር ዓመት ማንም ሳይነካው ቆየ። አባቴ ይህን እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነው የሚያነሳው።

«በላይነህ መግባት የነበረበት እዚያ ነበር» አለኝ።

ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዞርኩለት። ሰማያዊው ጎን ተቃቅፎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ነበር፤ ሰባ ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየም እንደ መርከብ የሚናጥ ነበር የሚመስለው። አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ድረስ ያዝኩለት። ስመልሰው «ምን አባታቸው ነው የሚበሉት እነዚህ ልጆች?» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከዚያም እንደ ካታንጋ ሰውነቱ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ፦ «ለመሆኑ የናንተ የትኞቹ ናቸው?» ሰማያዊዎቹ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የዮንሴ ደጋፊ ነው።

ይህ ሁሉ ድምፅ ከየት ይመጣል? ብዙ አሰብኩበት። አንዱ ምንጭ የኅዳር ፈተና ይመስለኛል። ኮርያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚሰጥበት አንድ ሐሙስ አለ፤ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና ሲጀመር የልጆቹ ጆሮ እንዳይረበሽ በመላ አገሪቱ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። ዮንሴና ኮርያ ለመግባት እነዚህ ልጆች ዓመታት ሙሉ ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ማስጠኛ ቤት፣ ከማስጠኛ ቤት ወደ ጠረጴዛ ሲመላለሱ ነው ያደጉት። እነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ያልገቡ ብዙ ኮርያውያን ይህን ድግስ የልሂቃን ጉራ ነው ብለው ይወቅሱታል፤ ወቀሳቸውም መሠረት የለውም አልልም። እኔ ያየሁት ግን ለአሥራ ሁለት ዓመት ዝም በሉ የተባሉ ልጆች ጩኹ ሲባሉ ምን እንደሚሆን ነው። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ድምፅዋ ዓርብ ከሰዓት ተዘጋ። ቅዳሜ ድምፅ በሌለው ጉሮሮዋ፣ በአፏ ቅርጽ ብቻ፣ እያንዳንዱን ስንኝ እስከ መጨረሻው ዘመረች።

ሌላው ምንጭ ጥልቅ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1960 የኮርያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሲንግማን ሪን መንግሥት ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ በማግስቱ አገር ተነሣ፣ ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ወረደ። በሰኔ 1987 ደግሞ ዮንሴ በር ላይ ሊ ሃን ዮል የተባለ ተማሪ በአስለቃሽ ጭስ ተመትቶ ወደቀ፤ በሚቀጥለው ወር ሞተ፤ ስሙ አገሪቱን ወደ ዴሞክራሲ ካሻገሩት ስሞች አንዱ ሆነ። በግቢው ውስጥ መታሰቢያ አለው፣ ሁልጊዜ አበባ አይጠፋበትም። ፖለቲካው በናጠባቸው አንዳንድ ዓመታት ውድድሩ ራሱ ሳይካሄድ ቀርቷል፤ በወረርሽኙም ጊዜ እንዲሁ። ስለዚህ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ በአንድ ድምፅ መጮህ ለእነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ትናንት የተማሩት ነገር አይደለም። ልጆቹ ይህን እያሰቡ ይዘምራሉ አልልም፤ ዶሮና ድመት እያሉ የሚስቁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። የተማሪ ሕዝብ በአንድ ላይ ሲቆም ምን እንደሚችል ከሚያውቅ አገር የመጣሁት እኔ ግን ሳላስበው ማለፍ አልሆነልኝም።

የእግር ኳሱ የመጨረሻ ፊሽካ ሲነፋ አለቀ ብዬ ነበር። ለካ ገና ነው!

ሁለቱም ወገኖች፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም፣ በምድር ባቡር ታጭቀው ወደ ሺንቾን፣ ወደ ዮንሴ ሰፈር፣ ተጓዙ። እዚያ ሲደርሱ ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ትከሻ ከኋላ ይዞ ረጅም ሰልፍ ይሠራሉ፤ የባቡር ጨዋታ ይሉታል። ባቡሩ እየዘፈነ ምግብ ቤት በር ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱ የሆነ ነገር ይዞ እስኪወጣ ድረስ አይንቀሳቀስም። ይወጣሉም! የተጠበሰ ዶሮ በሳህን፣ ድንች፣ ወይን፣ የሩዝ መጠጣቸው ማክጎሊ በጆግ፣ ቢራ። አንዲት እናት ሽርጥ እንዳሸረጡ ከማድ ቤት ወጥተው በየአፋችን አንድ አንድ ጉርሻ እያደረጉ አሳለፉን፤ ሰማያዊውንም ቀዩንም ሳይለዩ። ሰማያዊ ባቡርና ቀይ ባቡር መንታ መንገድ ላይ ሲገናኙ ይጯጯሃሉ፣ ይፎካከራሉ፣ ከዚያ ተቀጣጥለው አንድ ባቡር ይሆናሉ። ቀኑን ሙሉ ዶሮ ሲለኝ ከዋለ አንድ ቀይ ለባሽ ትከሻ ላይ እጄን ጭኜ ሦስት መንገድ ተሻገርኩ!

ብዙው መጠጥ ቤት ደግሞ አስቀድሞ ተከፍሎበታል። የከፈሉት ቀደም ብለው የተመረቁ ናቸው፣ ሶንቤ ይሏቸዋል። ታናናሾቹ በነፃ ይበሉ ዘንድ በዚያች ሌሊት ቤት የሚከራዩ ሰዎች ናቸው፤ ነገ እነዚህ ልጆች ሥራ ሲይዙ በተራቸው ለማያውቋቸው ልጆች ይከፍላሉ። ከእነዚህ ሶንቤዎች አንዱ፣ የደበዘዘ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት፣ በሁለት እጄ የተቀበልኩትን ብርጭቆ ሞልተውልኝ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ቹንቾን ያለውን የቃኘው ሻለቃ ሐውልት አይተውታል፤ ከ1951 ጀምሮ ለኮርያ ጦርነት ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ልከን ከመቶ ሃያ በላይ እዚያ እንደቀረ ያውቃሉ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ተቀመጡና ወደ ዋናው ጉዳያቸው ገቡ፤ ዋናው ጉዳይ ቤዝቦል ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳሉ ቾይ ዶንግ ዎን ለዮንሴ ሲወረውር በዓይናቸው አይተዋል። ከእሱ በኋላ ኮርያ ዩኒቨርሲቲ ሱን ዶንግ ዮልን አወጣ። ሁለቱ በተማሪነት አልተገናኙም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ገባ። ሲገናኙ ግን ታሪክ ሆነ፦ ግንቦት 16 ቀን 1987 በፕሮፌሽናሉ ሊግ 15 ዙር ሙሉ ሁለቱም ከመወርወሪያው ሳይወርዱ ቆይተው 2 ለ 2 ተለያዩ። ቾይ 209 ጊዜ ወረወረ፣ ሱን 232 ጊዜ። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ተገናኝተው አንድ አንድ ተሸናነፉ፣ አንዱን አቻ ወጡ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ በቾፕስቲክ ጠረጴዛው ላይ ይመቱ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ የኮርያ ዩኒቨርሲቲ ሶንቤ የሆኑ እኩያቸው «ሱን ይበልጣል!» ሲሉ ሰማሁ፤ ተነሥተው ፊት ለፊት ቆሙ፣ ሁለቱም ስድሳውን ያለፉ ሰዎች፣ እኩል መዝፈን ጀመሩ፣ እያንዳንዱ የራሱን ትምህርት ቤት መዝሙር። ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ተቀበላቸው። ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጥነው ሰዎች እንደገና ተነሣን።

አሁን እዚያ ላላችሁ፣ ወይም ልትሄዱ ላሰባችሁ። የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታችሁ ኮርያ የምትገቡ የአገሬ ልጆች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ብትሆኑም ግድ የለም። ትኬቱ በተማሪዎቹ በኩል ስለሆነ የሚገኘው ከነሐሴ ጀምሮ ወዳጅ ፈልጉ። የጃምሲል ስታዲየም እድሳት ላይ ስለሆነ በቅርቡ ዓመታት ግጥሚያው ወደ ሌላ ሜዳ ሄዷል፤ የት እንደሆነ ጠይቁ። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ውሃ ያዙ፣ የፀሐይ ኮፍያ አትርሱ። ራግቢው እንዳያመልጣችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማንም ቢለምናችሁ አትተኙ። ሺንቾን ወይም ኮርያ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ወደ አናም ስትደርሱ ፊታችሁ ያለፈውን የመጀመሪያ ባቡር ያዙ፤ የማንም ይሁን። ከዚያ በፊት ስታዲየም ውስጥ ግን ሰማያዊ ልበሱ፤ በዚህ ላይ አባቴም እኔም አንደራደርም!